በኤሌክትሪክ መጋዝ እንጨትን በሰያፍ ስለ መቍረጥ

የቤት ጽናት በመሠረቱ ብቻ አይደለም፤ በእንጨቱ መጋጠሚያም ነው። የበር መቃንና የመስኮት ክፈፍ ጫፋቸው በልክ ካልተቈረጠ ውኃና ነፋስ ያስገባሉ፤ ፈጥነውም ይላቀቃሉ። በኤሌክትሪክ ኃይል የሚዞረው የሰያፍ መቍረጫ መጋዝ ይህን ሥራ በጥቂት ጊዜ ይፈጽማል። ነገር ግን አያያዙን ለማያውቅ ሰው ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። ስለዚህ ትምህርት ቤት፥ ጎተራ ወይም ሌላ ሕንጻ የሚያሠሩ ሹማምንትና ባለ ንብረቶች ደንቡን ዐውቀው አናጢዎቻቸውን ሊያሳስቡ ይገባል።

አስቀድሞ የማዕዘኑ ልክ ይታሰባል። ማዕዘኖቹ እኩል ለሆኑ ክፈፍ 180ን በማዕዘኖቹ ቍጥር ማካፈል ነው፤ ለአራት ማዕዘን 45 ዲግሪ፥ ለስድስት 30፥ ለስምንት 22 ተኩል ይሆናል። በአራት ማዕዘን ክፈፍ በእያንዳንዱ ጫፍ 1 ዲግሪ ቢሳሳቱ፥ ጫፎቹ ስምንት ናቸውና ስሕተቱ 8 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ በቍርጥራጭ እንጨት መፈተን ይቀድማል።

ሠራተኛው የዓይን መከላከያ ያድርግ፤ ነጠላውን ያኑር፥ እጅጌውን ይሰብስብ፤ መጋዙ ጨርቁን ይዞ እጅን እንዳይስብ ጓንት አያጥልቅ። እንጨቱን ከጠረጴዛውና ከኋላው መደገፊያ ጋራ አጥብቆ ያስጠጋ፤ እንጨቱ የጐበጠ እንደ ሆነ ጕብጡ ወደ መደገፊያው ይዙር፤ ያለዚያ እንጨቱ መጋዙን ቈንጥጦ ይይዘዋል። እጁ ከመጋዙ ከ15 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ይራቅ፤ እጆቹንም አያመሳቅል። አጭር እንጨት በማጥበቂያ ይታሰር እንጂ በጣት አይያዝ። ረጅሙም ጫፉ እንዳይዘነብል ድጋፍ ይደረግለት።

መጋዙ ሙሉ ፍጥነቱን ሳያገኝ እንጨቱን አይንካ፤ ከዚያም በዝግታ ይውረድ። ቍርጡ ሲፈጸም ማብሪያው ይለቀቅ፤ መጋዙ ፈጽሞ እስኪቆም ድረስ ወደ ታች እንደ ተያዘ ይቈይ፤ ከቆመ በኋላ ብቻ ይነሣ። ሲዞር የተነሣ መጋዝ ቍራጩን ወርውሮ ሰው ይመታልና። የማዕዘኑን ልክ ለመለወጥ መጋዙ መቆም አለበት፤ ጥርሱን ለመለወጥ ደግሞ ሶኬቱ ይነቀል።

ሥራ ለማፋጠን ብሎ የመጋዙን መሸፈኛ በሽቦ አስሮ የሚያሠራ ሰው ቢኖር የሥራው አለቃ ወዲያው ይከልክል። የተበላሸ እንጨት በሌላ እንጨት ይተካል፤ የአናጢ ጣት ግን ምትክ የለውም፤ በእርሱ የሚያድሩ ቤተ ሰቦችም አሉበት።