ያነበብኳቸው ልብ ወለዶችና እውነተኛ አስተያየቴ

እኔ ብዙ አንባቢ አይደለሁም፤ አማርኛም የማነበው ቀስ እያልኩ ነው። የምጽፈው ግን የተሰማኝን ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሐዲስ ዓለማየሁ ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። የፍቅር ታሪክ ነው ብዬ ጀመርኩ፤ በዛብህና ሰብለ ወንጌል እስኪገናኙ ድረስ ግን ስለ ቦጋለ መብራቱና ስለ ውድነሽ በጣሙ ብዙ ገጽ አለ። ሰለቸኝ። ሚግዳል ቤታችን ጮክ ብዬ ሳነብላቸው አያቴ ግን ሳቁ። «ይህማ የአገራችን ኑሮ ነው» ብለው የከበደኝን ቃል ሁሉ አስረዱኝ። ከዚያ በኋላ ጉዱ ካሣን ከሁሉም አስበልጬ ወደድኩት፤ እውነት ስለሚናገር ሰዎች እብድ ይሉታል።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጣ። የጦርነትና የስለላ ታሪክ ስለሆነ ቶሎ ይነበባል። ደራሲው በዓመቱ ጠፍቶ መቅረቱን ስሰማ ግን እንደ ጨዋታ ማንበብ አልቻልኩም።

የኦምሪ ተገምላክ አበራ «አስተራይ» በ2008 እ.ኤ.አ. በዕብራይስጥ የወጣ ነው። በሁለት ቀን ጨረስኩት። አያቴ ግን ዕብራይስጥ አያነቡም፤ ስለ እኛ ሰዎች የተጻፈውን እኔ ብቻ አነበብኩት ማለት ነው። አሁን ማታ ማታ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ፤ ቃል ሲጠፋኝ እርሳቸው ይሞሉልኛል። ገና ግማሽ ላይ ነን።