ሮልስ ሮይስ፦ በወርክሾፕ የተሠራ፣ ለብቻው የተሸጠ ስም

ሮልስ ሮይስን የሀብት ምልክት ያደረገው ሰው በልጅነቱ ጋዜጣ እያዞረ የሸጠ፣ አባቱ በኪሳራ የወደቀበት የወፍጮ ቤት ልጅ ነበር። ይህን በቅድሚያ የምናገረው ስለዚህ መኪና በማኅበራዊ ሚዲያ የሚወራው ሁሉ ስለ ዋጋውና ስለ ገዢዎቹ ብቻ እየሆነ ስላስቸገረኝ ነው። እኔ የሚገርመኝ ስሙ እንዴት እንደተገነባ ነው፤ በኋላም ያ ስም ከፋብሪካው ተነጥሎ ለብቻው እንዴት ለገበያ እንደቀረበ። ዛሬ ትንሽ ረዘም አድርጌ ላውጋችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሄንሪ ሮይስ በ1863 አልዋልተን በምትባል የእንግሊዝ መንደር ተወለደ። አባቱ የወፍጮ ሥራው አልሆን ሲለው ቤተሰቡን ይዞ ለንደን ገባ፤ ሄንሪ 9 ዓመት ሲሆነውም ሞተ። ልጁ ጋዜጣ ሸጠ፣ ቴሌግራም አደረሰ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየም። አክስቱ በዓመት 20 ፓውንድ እየከፈሉለት ፒተርቦሮ ከሚገኝ የባቡር ፋብሪካ ሙያ መማር ጀመረ፤ ሦስት ዓመት ያህል እንደተማረ የአክስቱ ገንዘብ አለቀና ሳይጨርስ ወጣ። በ1884 ማንቸስተር ውስጥ ከኧርነስት ክሌርሞንት ጋር ሆኖ አንድ ትንሽ ወርክሾፕ ከፈተ። ሥራቸው የኤሌክትሪክ ዕቃ ነበር፦ መጀመሪያ የበር ደወል፣ ቆይቶ ዳይናሞ፣ ከዚያም የኤሌክትሪክ ክሬን። ሮይስ ለመኪና የበቃው አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ያገለገለች ደኮቪል የተባለች የፈረንሳይ መኪና ከገዛ በኋላ ነው።

መኪናዋ በጊዜዋ መጥፎ አልነበረችም። ሮይስን ግን አላስደሰተችውም። ፈታታት፣ እያንዳንዱን ክፍል አየ፣ ይህ ለምን ይጮኻል፣ ያ ለምን ይግላል እያለ አንድ በአንድ አሻሽሎ የራሱን ሠራ። የመጀመሪያዋ ባለ 2 ሲሊንደር መኪናው በኤፕሪል 1904 ከወርክሾፑ ወጣች። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ሮይስ ዓለም አይቶት የማያውቀውን ነገር ልፍጠር ብሎ አልተነሣም። ሌላው ሰው «ይበቃል» ብሎ የተወውን ነገር አንሥቶ የሚቀጥል ሰው ነበር። ሠራተኞቹን በዚህ ጸባዩ ያስመርር እንደነበር፣ ምግብ መብላት እየረሳ ራሱንም ለሕመም እንደዳረገ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሁሉ ያነሣሉ።

ቻርልስ ሮልስ በተቃራኒው የባላባት ልጅ ነው። ካምብሪጅ ተምሯል፣ ፍጥነት ይወዳል፣ ለንደን ላይ ከውጭ የሚመጡ መኪኖችን ይሸጣል። አንድ ቁጭት ነበረበት፦ የሚሸጣቸው ጥሩ መኪኖች የፈረንሳይና የቤልጅግ ናቸው፤ የሚኮራበት የእንግሊዝ መኪና የለውም። ሄንሪ ኤድመንድስ የሚባል የጋራ ወዳጃቸው ሜይ 4 ቀን 1904 ማንቸስተር ሚድላንድ ሆቴል አገናኛቸው። ሮልስ ባለ 2 ሲሊንደር መኪና ይንቀጠቀጣል ብሎ አይወድም ነበር። የሮይስን ነድቶ ሲመለስ ሐሳቡን ለውጦ ነበር። ስምምነታቸው ቀላል ነው፦ ሮይስ የሚሠራውን ሁሉ ሮልስ ይሸጣል፤ መኪናው የሁለቱንም ስም ይይዛል። ኩባንያው በዚያ ስም በ1906 ተመሠረተ። ሮልስ ግን ዕድሜ አልሰጠውም። በጁላይ 1910 ቦርንማውዝ ላይ በአውሮፕላን ትርኢት ወድቆ በ32 ዓመቱ ሞተ።

ሰዎች የሚረሱት ሦስተኛውን ሰው ነው። ክሎድ ጆንሰን የሮልስ የንግድ ሸሪክ ነበር፤ በሮልስና በሮይስ ስም መካከል ያለችው ሰረዝ እርሱ ነው እስከ መባል የደረሰ ሰው ነው። ሮይስ መኪናውን ሠራ፤ መኪናው ጥሩ መሆኑን ሰው እንዲያምን ያደረገው ጆንሰን ነው። ያደረገበት መንገድ የዛሬ አስተዋዋቂዎች ቢያጠኑት የምመኘው ነው።

በ1906 መጨረሻ ለንደን ኦሊምፒያ አዳራሽ ውስጥ ባለ 6 ሲሊንደሩን አዲስ ሞዴል አሳዩ። በዚያ ዘመን ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ስሙ የጠፋ ነበር። ጋራዥ የሠራችሁ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ፤ ለሌሎቻችሁ ላስረዳ። ሲሊንደር በበዛ ቁጥር ክራንክ ሻፍቱ ይረዝማል። ረጅምና ቀጭን ብረት ደግሞ ፒስተኖቹ ተራ በተራ ሲገፉት በትንሹ ይጠማዘዛል፣ መልሶ ይፈታል። ሞተሩ አንድ የተወሰነ ዙር ላይ ሲደርስ ይህ መጠማዘዝ እየተደራረበ ሄዶ መኪናውን ያንቀጠቅጣል፤ ሲብስም ክራንክ ሻፍቱን ይሰብረዋል። ሮይስ ክራንክ ሻፍቱን አወፈረው፣ በ7 ቦታ ደግፎ ያዘው፣ ዘይት በግፊት እንዲደርሰው አደረገ፣ ሞተሩንም ፊት ለፊት እንደተያዩ ሁለት ባለ 3 ሲሊንደር ሞተሮች አድርጎ አደራጀው፤ የፊተኛው ግማሽ ንቅናቄ በኋለኛው ይጠፋል። ውጤቱ ያኔ ማንም ያልሰማው ጸጥታ ነበር።

ጆንሰን ከእነዚህ መኪኖች አንዱን ብር ቀለም አስቀባው፣ ብረታ ብረቱን በብር አስለበጠው፣ ሲልቨር ጎስት ብሎ ሰየመው። ከዚያ ለትርኢት ብቻ አላቆመውም። በ1907 በጋ ላይ የእንግሊዝ አውቶሞቢል ክለብ ታዛቢዎች ባሉበት ከለንደን ግላስጎው፣ ከግላስጎው ለንደን ደጋግሞ አስነዳው። መኪናው ሳያስቡት የቆመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የቤንዚን መዝጊያዋ ከመንገዱ ንዝረት የተነሣ ራሷን ዘግታ። ከዚያ ወዲህ ጉዞው እስኪያበቃ 14,371 ማይል፣ ማለትም 23,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቷል፤ የዚያን ዘመን መንገድና ጎማ አስቡት። መኪናው ተፈታ፣ የተበላው ክፍል ሁሉ ተለካ፣ ወደ አዲስነቱ ለመመለስ የሚያስፈልገው መለዋወጫ ሲተመን ከ2 ፓውንድ ትንሽ የሚበልጥ ሆነ። «የዓለም ምርጡ መኪና» የሚለው ስም በሰው አፍ የገባው ከዚህ በኋላ ነው። ኩባንያው ሌሎቹን ሞዴሎች ትቶ በዚህ አንድ መኪና ላይ አተኮረ፤ እስከ 1920ዎቹ አጋማሽም ሠራው።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ሮልስ ሮይስ ሙሉ መኪና አይሸጥም ነበር። የሚሸጠው ሻንሲውንና ሞተሩን ነው፤ ገዢው እሱን ይዞ እንደ ባርከርና ሁፐር ወዳሉ የቦዲ ሠሪዎች ሄዶ በልኩ ያሠራል፣ ለሠርግ ልብስ ወደ ልብስ ሰፊ እንደሚኬደው። በፋብሪካው በራሱ ቦዲ ተገጥሞለት የወጣው የመጀመሪያው ሮልስ ሮይስ የ1949ኙ ሲልቨር ዶውን ነው። የድሮዎቹ መኪኖች አንዱ ከሌላው የማይመሳሰለው በዚህ ነው፤ ቅንጦቱ በአብዛኛው የቦዲ ሠሪዎቹ ሥራ ነው።

ከመኪናው ፊት የምትቆመው ክንፋም ሴት የ1911 ሥራ ናት። ቀራጩ ቻርልስ ሳይክስ ይባላል። የዚያች ምስል አምሳያ ኤሊኖር ቶርንተን እንደሆነች ይነገራል፤ መኪና ወዳድ የነበረው ባላባት የሎርድ ሞንታጉ ጸሐፊና ፍቅረኛ ነበረች። በዲሴምበር 1915 ሁለቱም ፐርሽያ በተባለች መርከብ ሲጓዙ መርከቧ በሜዲትራንያን ባሕር ላይ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ ሰጠመች። ሞንታጉ ተረፈ፣ እሷ ሞተች። ስለ ምስሏ ዋጋና ወደ ውስጥ ስለምትሰወርበት ዘዴ ቪዲዮ ሲለቀቅ፣ ስሟን የሚያነሣ አለመኖሩ ያሳዝነኛል።

የሕንዱን ንጉሥ ታሪክም ብዙዎቻችሁ ልካችሁልኛል፤ በለንደን ሱቅ ስለናቁት ሮልስ ሮይሶችን ገዝቶ ቆሻሻ እንዲጠርጉ አደረገ የሚለውን። ያው ታሪክ አንዴ ስለ አልዋር፣ አንዴ ስለ ፓቲያላ፣ አንዴ ስለ ባራትፑር ማሃራጃ ይነገራል። አንድ ድርጊት ሦስት ባለቤት ሲኖረው እኔ እውነት ብዬ አላጋራም። የሕንድ መሳፍንት የዚህ መኪና ታላላቅ ደንበኞች እንደነበሩ ግን እርግጥ ነው።

አሁን ወደ ተደጋጋሚው ጥያቄ፦ የአውሮፕላን ሞተር የሚሠራውና መኪና የሚሠራው ሮልስ ሮይስ አንድ ነው ወይ? ድሮ አንድ ነበር። ዛሬ አይደለም።

ኩባንያው ወደ አውሮፕላን ሞተር የገባው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1919 በራሪዎቹ አልኮክና ብራውን አትላንቲክን ያለማረፍ ሲሻገሩ የተሸከሟቸው ሁለት የሮልስ ሮይስ ኢግል ሞተሮች ነበሩ። ሮይስ በ1933 ከመሞቱ በፊት ሥራው የተጀመረው መርሊን ደግሞ የስፒትፋየርና የሃሪኬን ተዋጊ አውሮፕላኖች ሞተር ሆነ። ብሪታንያ በ1940 ሰማይዋን ስትከላከል ይህ ስም ከሀብታም መኪናነት አልፎ የአገር ስም ሆነ። እንግሊዞች ለዚህ ስም ያላቸው ፍቅር ከመኪናው ይልቅ ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል።

ጉዳቱም የመጣው ከዚያው ከአውሮፕላን ሞተሩ ነው። ለሎክሂድ ትራይስታር አውሮፕላን የሚሠራው አርቢ211 የተባለ ሞተር ወጪው ከታሰበው እጅግ በለጠ። የፊት ቢላዎቹን ከካርቦን ፋይበር ለመሥራት የተደረገው ሙከራም ወፍ ሲመታቸው የሚፈጠረውን ጉዳት መቋቋም አቅቷቸው ከሸፈ። በፌብሩዋሪ 1971 ሮልስ ሮይስ ከሰረ። መንግሥት የሞተሩን ክፍል ወረሰ፤ መኪናው በ1973 ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆኖ ተለየ፣ በ1980 ቪከርስ ገዛው። ያ ያከሰረው ሞተር በኋላ ተስተካክሎ ትልቅ ስኬት ሆነ፤ ትሬንት የሚባሉት ሞተሮች የእርሱ ዘሮች ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2016 ከአፍሪካ አየር መንገዶች ቀድሞ የተረከበው ኤርባስ ኤ350 የሚበረው በትሬንት ኤክስደብሊውቢ ነው፤ ለዚህ አውሮፕላን የተሠራ ሌላ ሞተር የለም። እነዚህን ሞተሮች የሚሠራው ዋና ቦታው ደርቢ የሆነው ኩባንያ ነው። ከመኪናው ጋር የሚጋራው ስሙንና ታሪኩን ብቻ ነው።

በ1998 ቪከርስ የመኪናውን ኩባንያ ለሽያጭ አቀረበ። ቢኤምደብሊው 340 ሚሊዮን ፓውንድ አቀረበ፣ ፎልክስዋገን በ430 ሚሊዮን በለጠውና ገዛ። ክሩ ከተማ ያለውን ፋብሪካ፣ ቤንትሊን፣ የፍርግርጉን ቅርጽና ክንፋሟን ሴት አገኘ። ያላገኘው ስሙን ነው። በመለያየቱ ጊዜ «ሮልስ ሮይስ» የሚለው ስም ባለቤትነት ከአውሮፕላን ሞተር ሠሪው ጋር ቀርቶ ነበር፤ እርሱም በ40 ሚሊዮን ፓውንድ ለቢኤምደብሊው ሰጠ። በዚያ ላይ የወቅቱ ሞዴል ሲልቨር ሴራፍ ሞተሩ የቢኤምደብሊው ነበር። ስለዚህ ተደራደሩ፦ ፎልክስዋገን እስከ 2002 መጨረሻ በስሙ እንዲሠራ፣ ከዚያ ቤንትሊን ይዞ እንዲቀር፣ ሮልስ ሮይስ ወደ ቢኤምደብሊው እንዲያልፍ። በጃንዋሪ 1 ቀን 2003፣ ሌሊቱ እንደተጋመሰ፣ ጉድውድ ከተተከለው አዲስ ፋብሪካ የመጀመሪያው ፋንተም ለገዢው ተሰጠ። የድሮው ፋብሪካና ብዙዎቹ የድሮ ሠራተኞች ክሩ ውስጥ ቤንትሊ እየሠሩ ቀሩ።

ታዲያ የዛሬው ሮልስ ሮይስ እውነተኛው ነው ወይ? በወረቀት የዘር ሐረጉን ከቆጠርን የክሩው ፋብሪካ ይቀርባል። ሥራውን ካየን ግን እኔ ለጉድውድ እፈርዳለሁ። በ1980ዎቹና 90ዎቹ ክሩ ውስጥ ገንዘብ አጥሮ አንድ ሞዴል ለዓመታት እየተነካካ ይሸጥ ነበር፤ ስሙ በትናንቱ ይኖር ነበር። የ2003ቱ ፋንተም እንደገና ከዜሮ የታሰበ መኪና ነው። ጀርመኖቹ ስሙን ገዝተው ቢኤምደብሊው ላይ ለጥፈውት ቢሆን ኖሮ ማን ይከለክላቸው ነበር? አላደረጉትም። በ2020 የወጣው ጎስት ላይ መሐንዲሶቹ ድምፁን ሲቀንሱ ሲቀንሱ፣ ፍጹም ጸጥታው ተሳፋሪውን እንደሚያውከው አይተው ጥቂት ለስላሳ ድምፅ መልሰው አስገቡ። ይህ የሮይስ ዓይነት ችግር ነው።

ከኩሊናን ጋር ግን አልተስማማሁም። በ2018 የወጣው ይህ ከፍ ያለ መኪና በጣም ተሽጧል፤ ኩባንያው በ2023 የሸጣቸው 6,032 መኪኖች ያለ እርሱ የሚታሰቡ አይመስለኝም። ዱባይና አቡ ዳቢ የምትኖሩ በየቀኑ ታዩታላችሁ። መኪናው ጥሩ ነው፤ የፈለገው ግን ገበያው ነው። ስፔክተርን አስበልጣለሁ። በ2023 ለገዢዎች መድረስ የጀመረው የመጀመሪያው ሙሉ ኤሌክትሪክ ሮልስ ሮይስ ነው፤ ንዝረትና ጩኸት የሌለበት ሞተር ለማግኘት ክራንክ ሻፍት ሲያወፍር ለኖረ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ከዚህ የቀረበ መኪና አላውቅም።

የቤንትሊን ነገር ለብቻው እጽፈዋለሁ። በ1931 ሮልስ ሮይስ ማንነቱን ደብቆ በሌላ ድርጅት ስም እንደገዛው፣ መሥራቹ ደብሊው ኦ ቤንትሊም ገዢው ማን እንደሆነ ቆይቶ እንደሰማ ከዚያ እንጀምራለን።