የዕረፍት ቀን አዋዋል

አንባቢ ሆይ፤ ባለፈው እሑድ እንዴት ዋልህ ብዬ ብጠይቅህ «ዐርፌ ዋልሁ» ትለኝ ይሆናል። በውነት ዐርፈህ እንደ ሆነ ግን ጥቂት አብረን እንመርምር።

እኔ በንፋስ መውጫ ማስተማር የጀመርሁ ጊዜ ዕረፍትን የሰነፍ ሥራ አድርጌ እቈጥረው ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ ማስተማር፣ ቅዳሜ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ እሑድ ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት የፈተና ወረቀት ማረም ልማዴ ኾነ። እንዲያውም በዚህ እኮራ ነበር። አንድ ጊዜ ውጤት ከለጠፍሁ በኋላ አንድ ተማሪ ሁለት ቀን ቀረ። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ይዞ መጣና «መምህር፤ እስቲ ይህን እንደ ገና ይደምሩልኝ» አለኝ። ብደምረው 73 ነው። እኔ የጻፍሁት 37 ነበር። ልጁ ከገጠር መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ ስንቅ ተሸክሞ የሚማር ነው፤ አባቱም ውጤቱን ሲሰሙ «እንግዲያው ና እርፍ ጨብጥ» ብለውት ኖሯል። ያን ቀን ያፈርሁትን ያህል አፍሬ አላውቅም። ቍጥሩን የገለበጠብኝ ያ የምኮራበት ትጋት ነበር።

የዕረፍትን ነገር ግን የልጁ አባት ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገበሬው በወር በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ ሌሎችንም በዓላት ሲያከብር ሞፈር አያነሣም። እርሱ ሲያርፍ በሬውም ያርፋል። ከማኅበር ጠላ ይጠጣል፤ ከጎረቤት ቡና ይቀመጣል፤ ከአቦል እስከ በረካ ሳይዳረስ የሚነሣ የለም። የተማርን ወጣቶች የበዓሉን ቀን እየቈጠርን «የሥራ ጊዜ ባከነ» ማለት እንወዳለን፤ እኔም ብዬ ዐውቃለሁ። በአረምና በአጨዳ ወራት ነገሩ እውነትነት አለው። ነገር ግን ገበሬው በዓል ውሎ በማግሥቱ ወደ እርሻው ሲወጣ እጁም ልቡም ይታዘዘዋል፤ የኔ እጅ ሰኞ ጠዋት ጠመኔ ሲይዝ ይዝል ነበር።

የዕረፍት ቀን ነገር በአገራችን ብዙ ያከራከረ ነው። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ከእሑድ ጋር ቅዳሜም ይከበር በማለታቸው ብዙ መከራ ተቀበሉ፤ በመጨረሻ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1450 ዓ.ም.፣ በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ክርክሩ የሃይማኖት እንጂ የጤና አልነበረም፤ ቢኾንም ትርፉ ለገበሬውም ለበሬውም ደርሷል። በዘመናችንም የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156፣ ሠራተኛ በሰባት ቀን ውስጥ ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት እንዲያገኝ ያዛል። (አዋጁ እንደኔ ያለውን የመንግሥት ሠራተኛ አይመለከትም፤ ቃሉን ግን ብንዋሰው አይጐዳንም።) «ያልተቋረጠ» ይላል!

እንግዲህ እሑዳችንን በዚህ ቃል እንለካው። አንዱ የመሥሪያ ቤቱን ፋይል ተሸክሞ ቤቱ ይገባል። ሌላው አልጋው ላይ ተጋድሞ ሞባይሉን ሲነካካ ይመሽበታል፤ ገላው ተኛ እንጂ ዐሳቡ ከሰው ወሬ ወደ ሰው ወሬ ሲሮጥ ውሏል። ተማሪውም ለፈተና ሲል ሌሊቱን ዐይኑን ሳይከድን ያነጋል፤ አእምሮ ቀን የተማረውን የሚያጸናው በእንቅልፍ ጊዜ መኾኑን፣ ለዐዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት፣ ለወጣት ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ እንቅልፍ እንደሚያስፈልገው ሐኪሞች ይነግሩናል። እሑድን መጠጥ ቤት ስለሚጨርሰው አልናገርም፤ ሰኞ ጠዋት ፊቱ ይናገርለታል።

እኔ አሁን እሑድ ከሰዓት በኋላ ሞባይሌን ቤት ትቼ፣ ጋቢዬን ደርቤ ከከተማው እወጣለሁ። ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ኾነች ነፋሱ እንደ ስሟ ነው። ፊቴን ወደ ጉና ተራራ አዙሬ፣ ርብና ጉማራ ከዚያ ተነሥተው ጣና እስኪገቡ የሚሄዱትን መንገድ እያሰብሁ ምንም ሳልሠራ እቀመጣለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራ የፈታሁ እየመሰለኝ ቶሎ እነሣ ነበር፤ መቀመጥም ይለመዳል።

ባለፈው እሑድ ያ ተማሪ ስንቁን ተሸክሞ ከአገሩ ሲመለስ መንገድ ላይ ተገናኘን። ሰላምታ ሰጥቶኝ «መምህር፤ እርማቱ አለቀ?» ቢለኝ፣ «ነገ እጀምረዋለሁ» አልሁት። ስንቁን አወረደና አጠገቤ ተቀመጠ።