«ኑር» የሚለው ምልክት

ከባሕር ዳር የሚመጣው አስፋልት ወረታ ላይ ይከፈላል፤ አንዱ በአዲስ ዘመን በኩል ጎንደር፣ ሌላው ደብረ ታቦር ይወስዳል። ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ስታርም የምትውል ሴት ጡቷ ላይ ጠጣር ነገር ከዳሰሰች፣ ለምርመራ ከእነዚህ ከተሞች ወደ አንዱ መሄዷ አይቀርም። መጀመሪያ የምትጠይቀው «ካንሰር ነው?» ብላ ነው። መልሱ «ነው» ከሆነ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ በቂ የማይወራለትም ይኸኛው ይመስለኛል፦ ካንሰሩን በሕይወት ያቆየው ምንድን ነው?

ጤነኛ ሕዋስ እንዳሻው አይኖርም። ከአካባቢው «ኑር» የሚል መልእክት ካጣ ወይም ዘረ መሉ ክፉኛ ከተጎዳ ራሱን ያጠፋል። መልእክቱን ከሚያደርሱት መካከል የእድገት አነቃቂ ፕሮቲኖች ይገኙበታል። ከእነሱ አንዱን ያገኘው ስታንሊ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1986 የኖቤል ሽልማትን ከሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ጋር ተካፍሏል። ፕሮቲኑ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ ተቀባዮቹ ይጣመራሉ፤ ውስጥ ፒአይ3ኬ የተባለ ኢንዛይም ይነቃል፤ እሱም ኤኬቲን ያስነሳል። ኤኬቲ ደግሞ ባድ በተባለው ገዳይ ፕሮቲን ላይ ፎስፌት ለጥፎ ሥራ ያስፈታዋል። ያኔ የሚቶኮንድሪያው ሽፋን አይበሳም፤ ሕዋሱን የሚያፈራርሱት ኢንዛይሞችም አይቀሰቀሱም። ኬሞቴራፒ የጎዳው የካንሰር ሕዋስ እንኳ በዚህ መንገድ ሊተርፍ ይችላል።

ከአምስት የጡት ካንሰሮች በአንዱ ገደማ ሄር2 የተባለው ተቀባይ ከልክ በላይ ይበዛል። ሄር2 የራሱ መልእክተኛ አይታወቅለትም፤ ሲበዛ ግን እርስ በርሱ እየተጣመረ ማንም ሳይልከው «ኑር» ይላል። የጉማራ ወንዝ ሳይሞላ ማሳው ውሃ አቆረ እንደ ማለት ነው። ዴኒስ ስላሞንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ይህ ብዛት ከከፋ ሕመም ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። ተቀባዩን የሚይዘው ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 ተፈቀደ፤ ዋጋው ግን ዛሬም ለብዙዎች የሚቀመስ አይደለም።

እኛ ዘንድ ይበልጥ ሊወራለት የሚገባው የኤስትሮጅን ተቀባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ካንሰራቸው ይህ ተቀባይ አለው። ኤስትሮጅን ሆርሞን ቢሆንም ከእድገት አነቃቂዎቹ ጋር እየተጋገዘ ሕዋሱን ያኖራል። ታሞክሲፌን ተቀባዩን ይዘጋበታል፤ በየቀኑ ቤት ውስጥ የሚዋጥ፣ ብዙውን ጊዜ ለ5 ዓመት የሚቀጥል፣ ርካሽ እንክብል ነው። ተቀባዩ ሳይታወቅ ሕክምና መጀመር ይህን የመሰለ መድኃኒት እጅ ላይ እያለ ማለፍ ሊሆን ይችላል።

የተቀባዩ ምርመራ ደግሞ ከላቦራቶሪው በፊትም ሊበላሽ ይችላል። ከጡት የተወሰደው ናሙና በ1 ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን የተባለ ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ መግባት አለበት፤ ቆይታውም ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው። ፎርማሊኑ ከዘገየ ተቀባዩ እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ናሙናው ሩቅ መንገድ የሚሄድ ከሆነ መቼ እንደተወሰደና መቼ ፎርማሊን እንደገባ ሰዓቱ ዕቃው ላይ ይጻፍ።