ገዳዩ ከታወቀ በኋላስ?

የወንጀል ልቦለድ ስናነብ አብዛኞቻችን የምንጓጓው «ገዳዩ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ነው። መልሱ ሲገኝ መጽሐፉን እንዘጋለን፤ በቃ፣ አለቀ። ለእኔ ግን ከባዱ ጥያቄ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ገዳዩ ከታወቀ በኋላ ምን ይደረግ? ሁለት ሥራዎችን እንይ።

የአጋታ ክሪስቲ «መርደር ኦን ዘ ኦሪየንት ኤክስፕረስ» የታተመው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። በረዶ ባቆመው ባቡር ውስጥ አንድ ሰው 12 ቦታ ተወግቶ ይገኛል። ሟቹ ሕፃን አግቶ የገደለ፣ ከፍርድም ያመለጠ ሰው ነው። መርማሪው ፖዋሮ ገዳዮቹ በሕፃኗ ሞት ልባቸው የተሰበረ ተሳፋሪዎች መሆናቸውን ይደርስበታል። ሆኖም ሁለት መልስ ያቀርባል፤ አንዱ እውነቱን፣ ሌላው «ገዳዩ ከውጭ ገብቶ አመለጠ» የሚለውን። ለፖሊስ የሚነገረው የፈጠራው ይሆናል። የክፍል ጓደኞቼ «እንኳን! የእጁን ነው ያገኘው» ይላሉ። እኔም እፎይ ብያለሁ። ግን እኮ እፎይታው የቆመው በውሸት ላይ ነው!

የዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» (እ.ኤ.አ. 1866) ሌላ መንገድ ይሄዳል። ትምህርቱን ያቋረጠው የሕግ ተማሪ ራስኮልኒኮቭ በመያዣ ገንዘብ የምታበድር አሮጊት በመጥረቢያ ይገድላል። ገንዘቧ ለበጎ ሥራ ቢውል ይሻላል የሚል ምክንያት አለው። ታዲያ ሳይታሰብ የደረሰችውን እህቷን ሊዛቬታንም ይገድላል። እሷን ለመግደል ምን ምክንያት አለው? ምንም። ድህነቱንና ጭንቀቱን እያየን እናዝንለታለን፤ ሊዛቬታን ግን መርሳት አንችልም።

መጨረሻ ላይ ራሱ ሄዶ እጁን ይሰጣል፤ በሳይቤሪያ 8 ዓመት ከባድ ሥራ ይፈረድበታል። ተስፋው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እዚያ ድረስ በተከተለችው በሶንያ በኩል። ልቡ ሲመለስ እንኳን ገና 7 ዓመት ይቀረዋል። ደራሲው ቅጣቱን አልሰረዘለትም።

ይህ እኛን የጋዜጠኝነት ተማሪዎችን በቀጥታ ይመለከተናል። ፖዋሮ የልቦለድ ሰው ስለሆነ ሁለት መልስ ማቅረብ ይችላል፤ እኛ አንችልም። ነገ የፍርድ ቤት ዜና ስንሠራ ተከሳሹ ያሳለፈውን ችግር መጻፍ ሊኖርብን ይችላል፤ ጥሩም ነው፣ ሰው ነውና። ነገር ግን ለእሱ ስናዝን ሟቿ ከዜናው እንዳትጠፋ። ተስፋ ካለም እውነቱ ከተነገረ በኋላ ይምጣ።