የሰለለች እጅ በምን ትነሣለች?

ሰው በደኅና ተኝቶ ሲነጋ አንድ እጁና አንድ እግሩ አልታዘዝ ሲሉት፥ አፉም ተጣሞ አንደበቱ ሲተሳሰር፥ በቤተ ሰቡ ላይ የሚወድቀው ድንጋጤ ታላቅ ነው። ሐኪሞች ስትሮክ የሚሉት ይህ ደዌ የሚመጣው ለአንጎል ደም የሚያደርሰው ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ ነው። ግራው የአንጎል ክፍል ቀኝ እጅን፥ ቀኙም ግራ እጅን ስለሚያዝ፥ ጉዳቱ በአንድ ወገን ቢደርስ ድካሙ በሌላው ወገን ይገለጣል። ስለዚህ የእጁ ሥጋና አጥንት ደኅና ሳለ፥ አዛዡ በመጐዳቱ ብቻ እጅ ትሰልላለች።

ከዚህም የተነሣ ሊቃውንት፥ ራስ ቅልን በስለት ሳይከፍቱ አንጎልን ከውጭ መቀስቀስ ይቻል እንደ ሆነ ሲመረምሩ ኖረዋል። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1831 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ የሚለዋወጥ የማግኔት ኀይል ኤሌክትሪክ እንደሚያስነሣ ገለጠ። በ1870 ፍሪችና ሂትሲግ የተባሉ ጀርመናውያን የውሻን አንጎል በኤሌክትሪክ ቢነኩ፥ በተቃራኒው ወገን ያለው እግር ሲንቀሳቀስ አዩ። በ1985 በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ አንቶኒ ባርከርና ባልንጀሮቹ፥ የተጠቀለለ ሽቦ በሰው ራስ ላይ አኑረው በማግኔት ኀይል አንጎሉን ቢቀሰቅሱት፥ እጁ ያለ ሥቃይ ተንቀሳቀሰች። በ2000 ደግሞ በጀርመን አገር ኒችና ፓውሉስ፥ እጅግ ደካማ ኤሌክትሪክ በራስ ላይ ሲያልፍ የአንጎል ንቃት ለጊዜው እንደሚለወጥ አስረዱ።

ይህ ዕውቀት ስትሮክ ለያዛቸው ሰዎች ተስፋ ሆነ። ሁለቱ የአንጎል ክፍሎች አንዱ ሌላውን እየገታ ተመዛዝነው ይሠራሉና፥ አንዱ ሲጐዳ ጤነኛው ያለ ልክ በርትቶ ይጫነዋል የሚል አሳብ ተነሣ። እንግዲህ ጤነኛውን በዝግታ በሚመታ ማግኔት ማብረድ፥ የተጐዳውንም በፈጣን መቀስቀስ ይረዳል ተባለ። በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረጉ አንዳንድ ፈተናዎችም መልካም ምልክት አሳዩ።

ነገር ግን ተስፋ ሁሉ በሚዛን ሊመዘን ይገባል። በአሜሪካ አገር 199 በሽተኞች የተካፈሉበት ምርመራ ውጤቱ በ2018 ታተመ። ከፊሎቹ እውነተኛውን የማግኔት ሕክምና፥ የቀሩት የእርሱን አምሳያ ተቀበሉ፤ የትኛው እንደ ደረሳቸውም አልተነገራቸውም። ሁሉም ግን የእጅ ልምምድ በትጋት አደረጉ። ከስድስት ወር በኋላ ሲመዘኑ፥ እውነተኛውን ካገኙት ከመቶ 67፥ አምሳያውን ካገኙትም ከመቶ 65 የሚሆኑት በእጃቸው የሚጠቅም መሻሻል አገኙ። መሣሪያው ብልጫ አላሳየም፤ ሁለቱ ወገኖች በአንድነት የያዙት ግን ልምምዱን ነበር።

ይህ ማለት መሣሪያው ይናቅ ማለት አይደለም። ለብርቱ የመንፈስ ጭንቀት ሕክምና እንዲውል በ2008 በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ለሰለለ አካልም ምርመራው አልተቋረጠም። ሆኖም አልፎ አልፎ የሚጥል በሽታን ሊያስነሣ ስለሚችል፥ በራሱ ውስጥ ብረት ላለበት ሰውም አደገኛ ስለሆነ፥ ያለ ሐኪም የሚነካ አይደለም።

ስለዚህ የሕክምና ገንዘብ የሚመድብ ሹም መሣሪያ ከመግዛቱ አስቀድሞ አካል የሚያለማምዱ ባለሙያዎችን ቢያስተምር፥ ገንዘቡ በከንቱ አይቀርም። በሽተኛ የሚጠይቅ ካህንም፥ ደዌው እንደ ጀመረ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም እንዲሄዱ፥ የደም ግፊትንም ቀድመው እንዲያስመረምሩ ቢመክር ብዙ ነፍስ ያድናል። ቤተ ሰብም በርኅራኄ ብዛት በሽተኛውን ሁልጊዜ ከማጉረስ ይልቅ፥ በደከመችው እጁ ጽዋውን እንዲያነሣ ቢታገሡት ይሻላል። ያልሠራች እጅ ሥራዋን ትረሳለችና። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፥ ዛሬ አንድ ጣት ብትንቀሳቀስ፥ እርስዋን ንቆ ልምምዱን የሚተው ሰው የነገይቱን እጅ ያጣል።