የምሥረታ ትውፊት፣ ጥናትና አክብሮት፦ የቤተ እስራኤል አብነት

የምሥረታ ትውፊት አንድ የሃይማኖት ማኅበረሰብ «ከየት መጣን?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ያለፈውን ከመተረክ ባሻገር የአባልነትን ወሰን ያሠምራል፤ ለሥርዓተ አምልኮ ምክንያት ይሰጣል፤ በመከራም ጊዜ ምእመናንን ያጸናል።

በቤተ እስራኤል ዘንድ ከሚነገሩት ትውፊቶች አንዱ የዘር ሐረጋቸውን ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ከመጡ እስራኤላውያን ይመዝዛል፤ ሌላው ከዳን ነገድ። በ1973 እ.ኤ.አ. ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ የዳን ነገድ ዘሮች መሆናቸውን በመበየናቸው፣ ትውፊቱ ወደ እስራኤል የመግባት መብት አንዱ መሠረት ሆነ። ያም ሆኖ በ1985 እ.ኤ.አ. ማኅበረሰቡ፣ አይሁድነቱን ያጠራጠረውን በውኃ የመንጻት ግዴታ በመቃወም በኢየሩሳሌም ሰልፍ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ኬይ ካውፍማን ሸለመይ ያሳተሙት ጥናት የቤተ እስራኤል ጸሎትና ዜማ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ገዳማዊ ሥርዓት ጋር የጠበቀ ዝምድና እንዳለው አመለከተ።

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ሊለዩ ይገባል። ጸሎቱ መቼና እንዴት ቅርጽ ያዘ የሚለው የታሪክና የዜማ ጥናት ጉዳይ ነው። አይሁዳዊ ማን ነው የሚለው ግን በእምነት፣ በሕግና በኖሩት ሕይወት የሚወሰን እንጂ በዜማ ዝምድና የሚፈታ አይደለም።

ስለዚህ ምእመናንን ማክበር ግኝትን መደበቅ አይደለም፤ ትውፊትን «ተረት» ብሎ አለማቃለልና ግኝቱ ያልመለሰውን ጥያቄ እንደ መለሰ አድርጎ አለማቅረብ ነው።